አመዴና ሙሽራ

«ከሁለታችሁ አንዳችሁ ብቻ ናችሁ የምትቀሩት» አሉ እትዬ የዓለምወርቅ። «ራኩባዬ አንድ ነው። ጆሮዬም ቢሆን ሁለት ብቻ ነው፤ ለዚህ ሁሉ ጩኸት አይበቃም።»

ይህን ያሉት በሰማንያ ስድስት ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። ራኩባው መተማ ዮሐንስ ላይ፣ መኪኖች ድንበር ለመሻገር በሚሰለፉበት መንገድ ዳር የቆመ ሰፊ የሣር ዳስ ነበር። ፊቱ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጋላባት ክፍት ነው፤ ጀርባው በማገዶ ክምር ተዘግቷል። እትዬ የዓለምወርቅ ከሥሩ ከርከዴ የሚባለውን ቀይ የአበባ መጠጥና ዚር ከሚባለው የሸክላ ጋን የተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ ይሸጣሉ። በዚያ መንገድ ላይ ሌላ ጥላ የለም። ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ ሰሊጥ ጫኙ፣ ከደጋ ለአጨዳ የወረደው ሠራተኛ፣ ፀሐይ ከበረታች በኋላ ሁሉም የሚጠጋው እዚያው ነው።

ከፊታቸው የቆሙት ሉሊትና ዘመነ ነበሩ።

ሉሊት ከሳንጃ የመጣች የሃያ ዓመት ልጅ ናት። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ የሚያናግራት ሰው ሁሉ ጆሮውን ያስጠጋል። ያላት ሀብት አንድ የጃፓን የእጅ ጌም ነበር፤ ጌምቦይ የሚባለው። በመዳፍ የሚያዝ፣ አመድ የመሰለ ዕቃ ነው። መስተዋቱ ላይ ቀለም የሚባል ነገር የለም፤ በደብዛዛ አረንጓዴ ላይ ጥቁር ጥላ ብቻ። ከላይ ጡብ ይወርዳል። ተጫዋቹ ጡቡን እያዞረ ክፍተት ሳይተው ይደረድረዋል። አንድ ረድፍ ጥርቅም ብሎ ሲሞላ ይጠፋል፤ ጡቡ ተቆልሎ አናት ከደረሰ ጨዋታው አበቃ። ሰዎች ጌሟን በመልኳ «አመዴ» አሏት።

አመዴን ለየዙሩ እያከራየች፣ ሉሊት ከክረምቱ ወዲህ የራሷን ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ይህ ካልሆነ ሳንጃ ነው፣ አክስቷ ቤት። ሳንጃ ክፉ አገር ሆኖ አይደለም። ግን አክስቷ ቤት የሚሆነውን ሁሉ የሚወስኑት አክስቷ ናቸው፤ መቼ እንደምትነሣ፣ ከማን ጋር እንደምታወራ፣ ለማን እንደምትዳር። መተማ ላይ ግን ጠዋት በሯን ከፍታ የምትወጣው ራሷ ናት። ከራኩባው ከተባረረች ይህ ያበቃል። ፀሐይ ላይ ቆሞ ጡብ የሚደረድር ሰው የለም።

ዘመነ ደግሞ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ባለፈው ወር ከገዳሪፍ ሲመለስ ጌም ጊር የሚባለውን ይዞ መጣ፤ ወፈር ያለ ጥቁር ዕቃ ነው፤ ሥዕሉ ባለቀለም፣ ከውስጡ የሚበራ። ቀይ መኪና በአረንጓዴ ሜዳ መሐል ይበርበታል። ዘመነ ራሱ «ሙሽራ» ብሎ ሰየማት፤ ረዳትነቱንም ተወ።

ጩኸቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዘመነ እንደ አውቶቡስ ረዳት እየጮኸ ሰው ይጠራል። ሉሊት አትጮኽም፤ ስለ እሷ የሚጮኹላት ጫኞቹ ናቸው። ጫኞቹ አመዴን ይወዷታል፤ ቀኑን ሙሉ ጆንያ በመኪና ላይ ሲደረድሩ ስለሚውሉ ጡቡ ለእጃቸው አዲስ አይደለም። አለቃቸው አንዱአምላክ የሚባል ሰፊ ትከሻ ያለው ጎጃሜ ነው።

«የፊታችን ቅዳሜ ገበያ ነው» አሉ እትዬ የዓለምወርቅ። «ጠዋት ሁለታችሁም ዕቃችሁን ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ፀሐይ ጋላባት ላይ ስትጠልቅ ሰው በእጁ ይዞት እየተጫወተበት ያለው ዕቃ ይቀራል። ሌላው መንገዱን ይፈልጋል።»

«ሁለቱም ላይ ሰው ካለስ እትዬ?» አለ ዘመነ።

«ብዙ ሰው የከበበው። ደግሞ ባለቤቱ ራሱ መጫወት የለም። ለራሱማ ማንም ያጨበጭባል።»

ዘመነ ሙሽራን ወደ ላይ አነሣት። «እንግዲያው ዛሬውኑ ይገላግሉን! ይቺን አይቶ ወደ አመድ የሚሄድ ሰው አለ?»

«አለ!» አለ አንዱአምላክ ከከርከዴው ብርጭቆ ቀና ብሎ። «ሙሽራ የምታምረው እስከ መልስ ነው። ከዚያ በኋላ ሥራ የምትችለዋ ናት የምትፈለገው።»

ራኩባው በሳቅ ተናወጠ። ሉሊት ግን አልሳቀችም፤ ስለ ባትሪ ድንጋይ እያሰበች ነበር።

ሁለቱም ጌሞች የሚበሉት ቀጭኑን ባትሪ ድንጋይ ነው። አመዴ አራት ትበላና ቀኑን ትውላለች። ሙሽራ ስድስት ትበላና ሹፌሩ ምሳውን ሳይጨርስ ትጠፋለች። ሉሊት ለቅዳሜ አራት አዲስ ድንጋይ ገዝታለች፤ የደከሙ አራት አሮጌዎችም አሏት። መተማ ላይ ደግሞ ማንም የሚያውቀው ነገር አለ። የሬዲዮ ድምፅ ሲሰልል ድንጋዩ ወጥቶ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ይሰጣል፤ ፀሐይ ሲመታው ነፍስ ይዘራል። ሉሊት ይህንን ይዛ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደች። ፀሐይ የደከመውን ካበረታ፣ አዲሱንማ ምን ያህል ያበረታው ይሆን? ሐሙስ ጠዋት ስምንቱንም ጣሪያው ላይ እንደ በርበሬ አሰጣቻቸው። ዓርብም እዚያው ዋሉ።

ቅዳሜ ማለዳ ወንበር ላይ ቆማ እጇን ወደ ጣሪያው ስትሰድ ጣቷን የነካት የሚያጣብቅ ነገር ነበር። ድንጋዮቹ አብጠዋል። ከጎናቸው ቡናማ ውሃ አውጥተዋል፤ ጫፋቸው ላይ ነጭ ዱቄት ጋግሯል። አሮጌውም አዲሱም እኩል ሞተው ነበር።

ሩጫ ሆነ። ሰው በገበያ ቀን ሉሊትን ስትሮጥ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ግመል የሚስብ ሱዳናዊ መንገድ ለቀቀላት፤ አንዲት ሴት «ምን ተቃጠለ?» ብላ ጮኸች። ሉሊት ሰዓትና ሬዲዮ የሚጠግነው ሷሊህ ሱቅ ስትደርስ ትንፋሿ ከድምፅዋ በላይ ይሰማ ነበር።

«ቀጭን ድንጋይ። አራት።»

ሷሊህ እጆቹን ዘረጋ። «ማፊ! የለም። ዘመነ ትናንት ጠርጎ ወሰደው። የጋላባቱንም አስመጥቶ ወሰደ። ወፍራሙ የሬዲዮ ድንጋይ ሞልቷል፤ ልስጥሽ?»

«ወፍራሙ አይገባላትም።»

 በዚህ መሐል ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰዓት ይሰማ ጀመር፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ቀና ብላ አየችው። ሷሊህ ዓይኗን ተከትሎ እሱም ቀና አለ።

«አንች ልጅ» አለ። «እንዳታስቢው።»

ሉሊት ዓይኗን ከሰዓቱ አላነሣችም።

«ሰዓት ጠጋኝ ሆኜ ሰዓቴ ቆሞ ቢታይ ሰው ምን ይለኛል?»

ሉሊት እጇን ዘረጋች። ሷሊህ እያጉረመረመ ወንበር ላይ ወጣ፤ ሰዓቱን አወረደና ድንጋዩን አወጣላት። ከዚያ ከአልጋው አጠገብ ያለውን ደወል ሰዓትም ፈታ። «ኸላስ! አለቀ! ከእንግዲህ የምነቃው በዶሮ ነው። ያላ፣ ሩጭ!»

ከጎኑ ልብስ ሰፊዋ መጂዳ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሣ ሁሉንም ስትሰማ ነበር። «የእኔንም ውሰጅ» አለች በጣቷ ወደ ግድግዳው እያመለከተች። «ሰዓቱ ሲቆም ልብሴ ዘገየ የሚለኝም የለም።»

ሦስት ሆነ። አራተኛ የለም። ሉሊት የቲኬት ቢሮውን አየች፤ ሰዓቱ በቁልፍ የሚሞላ ነው፤ ድንጋይ የለውም። ፀጉር ቤቱን አየች፤ ሰዓት የለውም። ፀሐይዋ የገበያውን አቧራ ማሞቅ ስትጀምር ሦስቱን ድንጋይ በጡጫዋ ይዛ ወደ ራኩባው ተመለሰች።

ራኩባው ሞልቶ ፈስሷል። ጠዋት ስለሆነ ጥላው ጥልቅ ነው፤ በዚያ ጥላ ውስጥ ሙሽራ እንደ ፋኖስ ትበራለች። ቀዩ መኪና ሲታጠፍ ሰዉ አብሮ ይታጠፋል። ከገንዳ ውሃ የመጡ ረዳቶች አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ ተደራርበው «ማርሽ ለውጥ! ፍሬን! ኧረ ፍሬን!» ይላሉ፤ ፍሬን እንደሌላት ማንም ግድ አልሰጠውም።

«ቀለም!» ይጮኻል ዘመነ። «ቀለም የሌለው ምን ዓለም ነው! ኑ፣ በገዳሪፍ መንገድ የማትነዱትን ፍጥነት እዚህ ንዱ!»

ጫኞቹ ጥግ ላይ ተቀምጠው ሉሊትን ይጠብቁ ነበር። አንዱአምላክ ተነሣ። «ምነው ዘገየሽ? ድንጋይሽስ?»

«ሦስት ነው ያለኝ።»

«ሦስት እግር ባለው አልጋ ላይ ተኝተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ» አለና ፊቱን አጨማደደ።

በዚህ መሐል ከወዲያ «ኧረ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ሙሽራ ጠፍታለች። ዘመነ እንደ ሠለጠነ ሰው ከጀርባዋ ያለውን ክዳን ከፈተ፤ ስድስቱን ድንጋይ ወደ ኋላው ወረወረ፤ ከካርቶኑ ስድስት አዲስ አውጥቶ ከተተ። ቀዩ መኪና ተመልሶ መብረር ጀመረ። የተጣሉት ድንጋዮች ወደ ማገዶው ተንከባለሉ። አንዷ ሉሊት እግር ሥር መጥታ ቆመች።

ሉሊት ድንጋይዋን አየቻት። የሰሊጥ መኪኖች ወደ ጎንደር ሲወጡ ዳገቱ ላይ የሚሆኑትን አስታወሰች። ሙሉ ጭነት ይዞ ዳገት ያቃተው መኪና ሞተ አይባልም። ጭነቱ ቢቀንስለት ይሄዳል። ሙሽራ ከባድ ጭነት ናት፤ ብርሃኑ፣ ቀለሙ፣ ድምፁ። አመዴ ግን ምን ጭነት አላት? ጥላ ብቻ።

ጎንበስ አለች። ድንጋይዋን በቀሚሷ ጠረገች፤ ከሦስቱ የሰዓት ድንጋዮች ጎን አስገባቻት፤ ማብሪያውን ገፋች።

የአመዴ ትንሽ ቀይ መብራት ቦግ አለች።

«በራች!» አለ አንዱአምላክ። ጫኞቹ በአንድ ላይ ሲያገሱ ከውጭ የታሰረው አህያ ገመዱን ጎተተ።

ዘመነ ዞር አለ። ሉሊትን አየ፤ መሬቱ ላይ የቀሩትን አየ። ገባው። «ድንጋዬን! እትዬ! በድንጋዬ ልትጫወትብኝ ነው! ሌባ!»

«የጣልከውን ነው» አለች ሉሊት።

«ምን አልሽ?»

«የጣልከውን!» አለላት አንዱአምላክ።

«ብጥለውስ? የገዛሁት እኔ ነኝ!»

እትዬ የዓለምወርቅ የከርከዴ ማንቆርቆሪያቸውን አስቀመጡና እጃቸውን በመቀነታቸው ላይ አድርገው ቆሙ። 

«ዘመነ፣ አባትህ ኮኪት ላይ የሰሊጥ ማሳ አላቸው አይደል?»

«አላቸው እትዬ።»

«አጫጁ አልፎ ነዶው ከተነሣ በኋላ ማሳው ላይ የሚቀረው የማን ነው?»

ዘመነ አቀረቀረ። ከኋላ ከሠላሳ አፍ በላይ በአንድነት መለሰለት፦ «የቃራሚ!»

«አባትህ ቃራሚ አባረው ያውቃሉ?»

«አያውቁም» አለ ዘመነ በቀስታ። በዚያ ቆላ ከማሳው ቃራሚ የሚያባርር ባለርስት በሚቀጥለው ዓመት አጫጅ አያገኝም፤ ስሙ ከገንዳ ውሃ እስከ ሳንጃ ይነሣል።

«እንግዲህ ይህም ቃርሚያ ነው» አሉ እትዬ የዓለምወርቅ። «የወደቀውን ትልቀም። ግን ሉሊት፣ አንችም ስሚ። ከማሳ እንጂ ከጎተራ አይቃረምም። ከእጁ ያልወደቀ የሱ ነው።»

ዘመነ ብልህ ነው፤ የመጨረሻዋን ቃል ወዲያው ያዛት። መሬት ላይ የቀሩትን አምስት ድንጋዮች ሉሊት ለቀመቻቸው። ከዚያ በኋላ ግን ዘመነ አንድም ድንጋይ አልጣለም። ሙሽራ ስትጠፋ የደከመውን ሁሉ እየቆጠበ ኪሱ ይከታል። ቀትር ላይ የሱሪው ኪሶች አብጠው፣ ሲራመድ እንደ በግ ቃጭል ይንኳኳ ነበር።

«ምን ያደርግልሃል?» አለው አንዱአምላክ ከጡቡ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ።

«ለእናንተ እንዳይሆናችሁ ያደርጋል! ይበቃኛል!»

እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ድሉ የሙሽራ ነበር። አመዴን የከበቡት ጫኞችና ጥቂት አጫጆች ብቻ ናቸው። ሉሊት ሰዉን በዓይኗ ትመዝነዋለች፤ በየጊዜው ልቧ ይወርዳል። አንድ ጊዜ እንዲያውም ከጫኞቹ ሁለቱ ተነሥተው ወደ ቀዩ መኪና ሲሄዱ አየች፤ አንዱአምላክ «የት ነው?» ሲላቸው «ልናይ ብቻ!» አሉና ሳይመለሱ ቀሩ።

ከዚያ ፀሐይዋ አዘነበለች።

ራኩባው ወደ ምዕራብ ክፍት ነው ብያለሁ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከጋላባት በኩል ጎንበስ ብላ ትገባና እስከ ማገዶው ክምር ድረስ ትዘረጋለች። ብርሃኑ ሙሽራ ላይ ሲያርፍ ቀዩ መኪና ደበዘዘ፤ ከዚያ ሮዝ ሆነ፤ ከዚያ ጠፋ። መስተዋቱ ላይ የሚታየው የተጫዋቹ የራሱ ፊት ብቻ ሆነ።

«የት አለ? መኪናው የት ገባ?»

«አፍንጫህን ነው የምትነዳው!» አለው አንዱ።

ዘመነ ጋቢ አምጥቶ ተጫዋቹን ከነሙሽራው ሸፈነ። የታኅሣሥ ቢሆንም የመተማ ፀሐይ ነው። ከጋቢው ሥር ተጫዋቹ ላቡን እያንጠፈጠፈ ይወጣል፤ ሌላ ይገባል፤ እሱም ይወጣል። «ወባ የያዘው ይመስል ማን ተሸፍኖ ይጫወታል?» አለ አንድ ሹፌር፣ ውሃ በራሱ ላይ እያፈሰሰ።

አመዴ ደግሞ ፀሐይ ሲያገኛት ዓይኗን ከፈተች። የራሷ ብርሃን ስለሌላት የሰማዩን ወሰደች። ጡቦቹ ጥቁርና ጥርት ያሉ ሆኑ፤ ከሦስት ሰው ትከሻ ኋላ የቆመ እንኳ ያያቸዋል። ሰዉ አንድ በአንድ፣ ከዚያ በአምስትና በስድስት ወደ እሷ ዞረ። አንዱአምላክ በእጁ ይዟታል፤ ሌሎቹ ጡቡ በወረደ ቁጥር ይጮኹለታል፦

«አዙረው! አጋድመው!»

«ረጅሟን ጠብቅ! ጉድጓዱን አትድፈን!»

«ጎንደር ድረስ የሚሄድ ጭነት ነው፣ በደንብ ደርድር!»

አራት ረድፍ በአንድ ጊዜ ሲጠፋ ከወሎ የወረደ አንድ አጫጅ ማጭዱን ወደ ላይ አንሥቶ ፎከረ። ሉሊት እየሳቀች እንደሆነ ያወቀችው ጉንጯ ሲያማት ነው። ሙሽራን የከበቡት ዘመነና ከጋቢው ሥር ያለው አንድ ተስፈኛ ብቻ ነበሩ።

ፀሐይ ግን ቀጥ ብላ አትቆምም። ወደ ጋላባት ጎጆዎች ስትወርድ ብርሃኗ መጀመሪያ ወርቅ፣ ከዚያ መዳብ፣ ከዚያ አመድ ሆነ። ራኩባው ውስጥ ጨለም አለ። ዘመነ ጋቢውን ገፈፈ።

ሙሽራ ቦግ ብላ በራች። ከጠዋቱ ይልቅ አምራ፣ ሰማያዊው ሰማያዊ፣ ቀዩ ደም የመሰለ ቀይ። ከዳር ያሉት ራሳቸውን አዞሩ።

«ኑ ወደ ብርሃን!» አለ ዘመነ፤ ድምፁ ተመልሶለታል። «ጨለማ ውስጥ ጡብ የሚደረድር ግንበኛ አይታችኋል?»

ሰዉ ተመልሶ ሄደ። እንደ መጣው በአምስትና በስድስት።

«ሉሊት» አለ አንዱአምላክ፣ አመዴን አፍንጫው ላይ ሊለጥፋት ደርሶ። «ጡቡ ከጨለማው ጋር ተደባለቀብኝ። በዳበሳ ነው የምደረድረው።»

ሉሊት ወደ ምዕራብ አየች። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ ግማሿ ከጎጆዎቹ በላይ ነው። ከዚያ ወደ ሰዉ አየች። በቆላው እባብና ጊንጥ ስላለ ሲመሽ ያለ እጅ ባትሪ የሚንቀሳቀስ ወንድ የለም፤ የጫኞቹ ሁሉ ባትሪ በመቀነታቸው ተሰክቷል። የሚበላውም ወፍራሙን ድንጋይ ነው፤ ሷሊህ ሱቅ ሞልቶ የተረፈውን።

«ባትሪህን አብራ» አለችው።

«ምን አልሽ?»

«ባትሪህን! አብራባት!»

አንዱአምላክ ከመቀነቱ መዝዞ ሰጣት። ሉሊት በአመዴ ላይ አበራችው። ጡቦቹ ከጨለማው ውስጥ ወጡ፤ ጥቁር፣ ጥርት ያሉ። «እሰይ!» ጫኞቹ የየራሳቸውን አበሩ። አመዴ በስድስት በሰባት ባትሪ መሐል እንደ ታቦት ደመቀች። ወደ ሙሽራ የሄዱት ዞር ብለው «እዚያ ምን ተገኘ?» አሉ።

ልክ በዚያን ጊዜ መንገዱ ላይ ጥሩምባ ጮኸ። የሰሊጥ ነጋዴው መኪና ነው። «አንዱአምላክ! ጫኞች! ወደ መጋዘን! አሁን!»

አንዱአምላክ ደነገጠ። ሥራ ነው፤ እምቢ አይባልም። ጫኞቹ ባትሪያቸውን እንዳበሩ እየሮጡ ወደ መኪናው ጀርባ ይሰቀሉ ጀመር። «የእኔን ያዥው!» አለ ለሉሊት፣ ባትሪውን ትቶላት። አመዴን ግን ለማን ይስጣት? ለባለቤቷ አይቻልም። ጡቡ እየወረደ ነው። ዞር ሲል ከአጠገቡ የቆሙት ብርጭቆ የሚሰበስቡት እትዬ የዓለምወርቅ ነበሩ።

«ይያዙልኝ እትዬ!»

«ምኑን? ምን አደርገዋለሁ?»

«ክፍተት አይተዉ! በቀኝ ጣትዎ ያዙሩት!» ብሎ ሄደ።

እትዬ የዓለምወርቅ በአንድ እጃቸው ብርጭቆ፣ በአንድ እጃቸው አመዴን ይዘው ቆሙ። አንድ ጡብ ወረደ። ሰያፍ ወደቀ። ፊታቸው ተኮሳተረ፤ በሥርዓት ያልተቀመጠ ነገር አይወዱም። ብርጭቆውን ለቀቁት፤ አሸዋው ላይ ወድቆ ተረፈ። ሁለተኛውን ጡብ አዞሩት። ገጠመ። ረድፉ ጠፋ።

«ውይ!» አሉ። «የት ሄደ?»

«ጠፋልዎት እትዬ፤ ጥሩ ነው» አለች ሉሊት፣ ባትሪውን በሁለት እጇ አጥብቃ ይዛ።

«ዝም በይ፣ ሌላ መጣ።»

ከወዲያ ዘመነ ከካርቶኑ የመጨረሻዎቹን ስድስት ከትቶ ነበር፤ ሙሽራን ከሃያ የሚበልጥ ሰው ከቧታል። የፀሐይዋ ጠርዝ ብቻ ቀርቷል፤ እንደ ብርቱካን ልጣጭ። ሉሊት ሰዉን አየች። በብዛት ተሸንፋለች። ከእሷ ጋር ያሉት አንዲት ሴትዮና አንድ ባትሪ ናቸው።

ሙሽራ ብልጭ አለች። ጠፋች።

«ኧረ! ኧረ አሁን?»

ዘመነ ካርቶኑን ገለበጠ፤ ባዶ ነው። ኪሱ ውስጥ ገባ። የደከሙትን እየመረጠ፣ በጥርሱ እየነከሰ ስድስት ከተተ። ሙሽራ ቦግ አለችና እንደ ዓይን ጥቅሻ ጠፋች። ሌላ ስድስት። አልበራችም። ሰዉ «በል እንጅ! በል!» ይላል። ሌላ ስድስት ሲያስገባ አንዷ አምልጣው ወደቀች።

«ጠለቀች!» አለ ከመንገዱ ዳር የቆመው የወሎው አጫጅ። «ፀሐይ ጠለቀች!»

ጋላባት ላይ የቀረው ቀይ ሰማይ ብቻ ነበር። ሁሉም ፊቱን ወደ ዳኛዋ አዞረ። ዳኛዋ አላዩአቸውም።

«እትዬ» አለ ዘመነ። «ዳኛ ይጫወታል እንዴ?»

«ዳኛ ሰው አይደለም?» አሉ ቀና ሳይሉ። «ሰው ይዞት እየተጫወተበት ያለ ነው ያልኩት። ይዤዋለሁ። ሉሊት ትቀራለች። ወይኔ፣ ይቺ ጠማማ ከየት መጣች? ባትሪውን ወደ ግራ አድርጊልኝ!»

ራኩባው ፈነዳ። ሰዉ ይስቃል፤ ያፏጫል፤ ሙሽራን ከብበው የነበሩት ሳይቀሩ ያጨበጭባሉ።  ሉሊት ማልቀስም መዝለልም አማራት፤ ባትሪውን ስለያዘች ሁለቱንም አላደረገችም።

ዘመነ የራኩባውን ምሰሶ ተደግፎ ቁጭ አለ። ኪሱ ተንኳኳ። «እንግዲህ ለሹፌሬ ጎማ ልቀይርለት ነው» አለ ለራሱ፣ ግን ሁሉም ሰማው።

በዚህ መሐል እትዬ የዓለምወርቅ ጮኹ። ጡቦቹ እየነጡ፣ እየነጡ፣ እንደ ጉም መሟሸሽ ጀምረዋል። ትንሿ ቀይ መብራት ደክማለች። የሰዓቶቹ ድንጋይ፣ ስድስቱም የቃርሚያ ድንጋዮች ተራ በተራ ገብተው ቀኑን ሙሉ ሠርተው ማለቃቸው ነበር።

«ድንጋይ! ድንጋይ አምጡ!»

ሁሉም የዘመነን ኪስ አየ።

«አልሰጥም» አለ ዘመነ። «ከጎተራ አይቃረምም፤ የተባለው ነው።»

«ዘመነ!» አሉ እትዬ የዓለምወርቅ።

«ሕግ ነው እትዬ! የራስዎ ሕግ!»

ሉሊት ባትሪውን ይዛ ወደ እሱ ሄደች። ስትናገር ድምፅዋ እስከ መንገዱ ተሰማ፤ ማንም «ምን አልሽ?» አላላትም።

«ለሙሽራህ የማይሆነው ድንጋይ ለአመዴ ይሆናል። ከነገ ጀምሮ ሲደክምብህ ለእኔ ስጠኝ። አንተ ከኋላ፣ ከማገዶው ጎን ተቀመጥ። እዚያ ቀኑን ሙሉ ጨለማ ነው፤ ሥዕልህ ይታያል። እኔ ከፊት፣ ከብርሃኑ እሆናለሁ።»

ዘመነ ቀና አለ። ወደ ማገዶው ዞሮ ጨለማውን ለካው። «እትዬ አንድ ብቻ ነው ያሉት።»

«አንድ ያሉት በጩኸቱ ነው። አትጮኽም።»

«እኔ?»

«አትጮኽም።»

«ትንሽ እንኳ?»

«ምንም!»

«ሰው ሳልጠራ በምን ይመጣል?» አለ ዘመነ፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀበት። እሱም ሳይፈልግ ሳቀ። «እሺ፣ በፉጨትስ?»

«በኋላ ትደራደራላችሁ!» አሉ እትዬ የዓለምወርቅ፣ አመዴን እንደ ታመመ ሕፃን ወደ ደረታቸው አስጠግተው። «ይኸው ሞተችብኝ! ያን ሁሉ የደረደርኩት!»

ዘመነ ተነሥቶ ኪሶቹን በሉሊት ነጠላ ላይ ገለበጣቸው። ድንጋዩ እየተንኳኳ ፈሰሰ። ሉሊት አራት መረጠች፤ አሮጌዎቹን አወጣች፤ አዲሶቹን፣ ማለትም ያረጁትን፣ ከተተች። ዘመነ ባትሪውን ከእጇ ወስዶ አበራላት።

ቀይዋ መብራት በራች። መስተዋቱ ባዶ ነበር።

«ጡቤስ?»

«ከመጀመሪያው ነው እትዬ።»

እትዬ የዓለምወርቅ ባዶውን መስተዋት ትንሽ ተመለከቱት። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተደላድለው ተቀመጡ፤ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «በሉ ዞር በሉ፣ አታጨልሙብኝ» አሉ። የመጀመሪያው ጡብ ከላይ ብቅ አለ። «ከርከዴ የሚፈልግ ራሱ ይቅዳ።»